የአውራ ጣት ፊርማ

አራዳ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወደ ፒያሳ ስወርድ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ጎራ ማለት የቆየ ልማዴ ነበር። ከዕለታት በአንዱ ቀን ጀርባው የተላጠ፣ ዳሩን ብል የበላው ጥራዝ እጄ ገባ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ። ሻጩ ዛሬ በቦታው የለም፤ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው የፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። መጽሐፉ ግን አሁንም ከራስጌዬ አለ፤ በውስጡም ባነበብኳት ቁጥር የምትወቅሰኝ አንዲት አንቀጽ አለች።

አንቀጽ 20 ናት። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው ይህ ሕግ፣ ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ የሚታዘዙ እንደ ክትባት ያሉት ብቻ ሲቀሩ። የአድዋ ቁስለኞችን ለማከም የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በ1888 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ ገና ስድሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ አጭር ዘመን ውስጥ ሰውነታችን የራሳችን ስለመሆኑ በሕግ መጻፉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያኮራ ነው።

ይሁንና አንድ ነገር ይጎድላል። እምቢ ለማለት አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ያልተነገረውን ሰው «እምቢ የማለት መብት አለህ» ማለት በሩ የት እንዳለ ሳያሳዩ «መውጣት ትችላለህ» እንደማለት ነው።

ጉድለቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። ሕጋችን በታወጀ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በቴክሳስ ሂውስተን ከተማ የምትኖር የስድስት ልጆች እናት ከደረቷ ላይ ንቅሳት ለማስነሳት ሐኪም ቤት ሄደች። በሲሊኮን የተሞላ ሰው ሠራሽ ጡት ከተገጠመላቸው ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ወጣች። እርሷን ብዙዎች ተከተሏት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር «ደኅንነቱ በበቂ አልተረጋገጠም» ብሎ አጠቃቀሙን የገደበው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1992 ነበር፤ በ2006 መልሶ ፈቀደ። በ2010 ደግሞ ፒ.አይ.ፒ. የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሊኮን ሲሞላ ተገኘ። በመጨረሻ በ2021 ያ አስተዳደር ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት የአደጋዎቹን ዝርዝር ለእያንዳንዷ ሴት እንዲሰጥና እርሷም አንብባ እንድትፈርም አዘዘ፤ ዕቃው የዕድሜ ልክ አለመሆኑን፣ ከአንድ ዓይነት የሊምፍ ካንሰር ጋር መያያዙንም ጭምር። እንግዲህ ፊደል በቆጠረው፣ ጠበቃ በበዛበት አገር እንኳ ዝርዝሩ እጇ እስኪገባ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

የእኔ ወቀሳ ግን ከዚህ ይቀርባል። በ1991 ዓ.ም. እቴቴ የምንላት የአባቴ እህት ጡቷ ላይ እባጭ ወጣባት። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ነገረ፤ ቤተሰቡም «ለእርሷ እንዳይነገራት፤ ስሙን ከሰማች በድንጋጤ ትሞታለች» ብሎ መከረ። ቅጹን የማንበቡ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ፤ ከመካከላችን የተማርኩት እኔ ነበርኩና። ጡቱ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሳ በግልጽ ተጽፏል። «ትንሽ እባጭ ነው የሚያወጡልሽ» አልኳት። አመነችኝ። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ስትነቃ በእጇ ደረቷን ዳሰሰች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ምሳሌው የሚገሥጸው በሽተኛውን ነው። በሽታውን ከበሽተኛው ለሚደብቅ ዘመድ ምን ተተርቶ ይሆን? እኛ የደበቅነው በፍቅር ነው፤ ፍቅራችን ግን የገዛ ሰውነቷን ጉዳይ ከእርሷ በቀር ሁሉም እንዲያውቀው አደረገ።

እቴቴ ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረች፤ ሐኪሙ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ሕሙም ተገልጾለት ካልፈቀደ ሕክምና እንዳይሰጠው የሚያዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 በ2006 ዓ.ም. ሲወጣም በሕይወት ነበረች። ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአንድ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ቡና እየተፈላ አሮጌውን ጥራዝ አውጥቼ አንቀጽ 20ን አነበብኩላት። ከዚያም የዋሸኋትን ነገርኳት።

ዝም ብላ ቆየችና «ይህ ሕግ ያኔ ነበረ?» አለችኝ።

«ነበረ፣ እቴቴ።»

አውራ ጣቷን አየት አደረገች። «ቢነገረኝም እሺ እል ነበር፣ ልጄ» አለች፤ «ግን እሺ ያልኩት እኔ እሆን ነበር።»