ስሙን ያወጣልን ጎረቤት ነው

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። “ክርስቲያን” የሚለውን ስም መጀመሪያ ያወጣው ማን ይመስላችኋል? ሐዋርያት ናቸው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሐዋርያት አማኞችን “ወንድሞች”፣ “ቅዱሳን”፣ “ደቀ መዛሙርት” ነበር የሚሏቸው። ጌታም ተከታዮቹን “ክርስቲያኖች” ብሎ ሲጠራ በወንጌል አናነብም። በግሪኩ አዲስ ኪዳን ይህ ቃል የሚገኘው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ 11፥26፣ በ26፥28 እና በ1ኛ ጴጥሮስ 4፥16።

ስሙ የወጣው በአንጾኪያ ነው። ዛሬ በደቡብ ቱርክ አንታኪያ የምትባለው ከተማ ናት። በዚያን ዘመን በሮም ግዛት ውስጥ ከሮምና ከእስክንድርያ ቀጥላ የምትጠራ ታላቅ ከተማ ነበረች። ግሪኩ፣ ሶርያዊው፣ አይሁዱ በአንድ ከተማ ይኖራል፤ ማዕዱ ግን ለየብቻ ነው። እስጢፋኖስ ከተወገረ በኋላ በስደት የተበተኑ አማኞች ወደዚህች ከተማ መጡ። ከእነርሱም የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች ለግሪኮችም ወንጌልን ተናገሩ፤ ብዙ ሰውም አመነ። ከኢየሩሳሌም በርናባስ ተላከ። እርሱም ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ሳውልን አመጣው፤ ሁለቱም አንድ ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ።

የከተማው ሰው ግራ ተጋባ። እነዚህ ሰዎች አይሁድ ናቸው እንዳይሉ ግሪኮች አሉበት፤ ግሪኮች ናቸው እንዳይሉ አይሁድ አሉበት። ታዲያ ምን ይበሏቸው? በዚያ ዘመን የአንድን ጌታ ወይም ሹም ተከታዮች በጌታቸው ስም የመጥራት ልማድ ነበረ። በወንጌል “የሄሮድስ ወገን” የተባሉትን ታስታውሳላችሁ። በዚሁ ልማድ “ክርስቲያን” አሏቸው፤ የክርስቶስ ወገን ማለት ነው። አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት ስሙን ያወጡት ከውጭ የሚያዩአቸው ሰዎች ናቸው። እኛ አገር “ወገንህ ማነው?” ሲባል የምን ጥያቄ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የአንጾኪያ አማኞች ኑሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆነ።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ግለጡና ስሙ ከተነገረበት ቁጥር ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። አጋቦስ የሚባል ነቢይ ታላቅ ራብ እንደሚመጣ ተናገረ፤ ራቡም በቀላውዴዎስ ዘመን ሆነ። የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት ምን አደረጉ? እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ስሙ በቁጥር 26 ላይ፣ መዋጮው በቁጥር 29 ላይ ነው። በስሙና በሥራው መካከል ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ያለው! በእኛ ሕይወት ውስጥ በሁለቱ መካከል ስንት ዓመት አለ?

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ የአንጾኪያን ነውርም አልደበቀም። ገላትያ ምዕራፍ 2ን ተመልከቱ። ጴጥሮስ እዚያው አንጾኪያ ከአሕዛብ አማኞች ጋር አንድ ላይ ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራሱን ለየ። ያ ሳውልን ከጠርሴስ ያመጣው በርናባስ እንኳ አብሮ ተወሰደ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወማቸው። ልብ በሉ! ጴጥሮስ በስብከቱ ላይ አንድም ቃል አልለወጠም። የለወጠው የሚቀመጥበትን ገበታ ነው። ጳውሎስ ግን ነገሩን ከወንጌል እውነት ጋር አለመሄድ ብሎ ቆጠረው። እንግዲህ “የክርስቶስ ወገን ነኝ” እያልን ከማን ጋር ነው የማንበላው? ልጃችንን ለማን ነው የማንድረው? በሐዘኑ ቀን የማን ድንኳን ውስጥ ነው የማንገባው?

ወደ ፊት እንሂድ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ112 ዓ.ም. ገደማ ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ ገዥ በዛሬይቱ ቱርክ ሰሜን ባለው አውራጃ ክርስቲያኖችን ይመረምር ነበር። ለንጉሡ ለትራጃን በጻፈው ደብዳቤ አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ የሚቀጣው ስሙ ብቻ ነው ወይስ ከስሙ ጋር ያለ ወንጀል? ወንጀሉን ፈልጎ አጣው። የነገሩት ይህን ነበር፤ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፤ እንዳይሰርቁ፣ እንዳያመነዝሩ፣ ቃላቸውን እንዳያጥፉ፣ የተሰጣቸውን አደራም ሲጠየቁ እንዳይክዱ በመሐላ ይተሳሰራሉ። ፕሊኒ በዚህ አልረካም፤ በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩ ሁለት ባሪያ ሴቶችን በሥቃይ መረመረ። ከእነርሱም ሌላ ወንጀል አላገኘም። ወገኖቼ፣ አደራ አለመብላት በክርስቲያንነት ክስ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ነበር! ዛሬ ብንከሰስ ይህ ማስረጃ ይገኝብናል?

በ249 ዓ.ም. ዴሲየስ ነገሠ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፣ መሠዋቱንም የሚያሳይ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። የጸኑ ነበሩ። የሠዉም ነበሩ። ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ ገዝተው የተደበቁም ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬይቱ ቱኒዚያ ባለችው በካርቴጅ ከተማ ከባድ ወረርሽኝ ገባ። ሰው የገዛ ዘመዱን ትቶ ሸሸ። የከተማይቱ ጳጳስ ሳይፕሪያን ግን ምእመናኑን ሰብስቦ የራሳቸውን ሰው ብቻ ሳይሆን አሳዳጆቻቸውንም እንዲያስታምሙ መከራቸው። እነርሱም ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው በጉልበቱ ተሰማሩ። ሳይፕሪያን ራሱ በ258 ዓ.ም. ስለ እምነቱ አንገቱን ተሰየፈ።

መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ከ361 እስከ 363 ዓ.ም. የነገሠው ጁሊያን የጣዖትን አምልኮ ሊመልስ ተነሣ። ይህ ንጉሥ “ክርስቲያን” የሚለውን ስም መጥራት ስለማይወድ “ገሊላውያን” ይላቸው ነበር። በስሙ በቆየልን ደብዳቤ ውስጥ ግን ለጣዖቱ ካህን ያማርራል፤ ገሊላውያን የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይረዳሉ፤ እኛ ግን ለገዛ ሰዎቻችን እንኳ አልሆንናቸውም ይላል። ተመልከቱ፣ ስሙን የነፈጋቸው ጠላት ሥራቸውን ሊክድ አልቻለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛም አገር ሌሎች ያወጡልን ስም አለ። “ጴንጤ” ብለን ራሳችንን አልሰየምንም። መጠሪያው የስድብ ነበር። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ አማኞች በየቤቱ በሹክሹክታ ሲጸልዩ፣ ያን ስም መሸከም ከሥራና ከትምህርት ሊያስባርር፣ ሊያሳስርም ይችል ነበር። ዛሬ ስሙ ብዙም አያስከፍልም። የመኪናችን መስታወት ላይ ጥቅስ እንለጥፋለን፤ ስልካችን በመዝሙር ይጠራል። መልካም ነው፤ ግን ጎረቤት የሚያነበው እርሱን አይደለም።

ይህን ስል ጣቴን ወደ ሌላ ሰው እየቀሰርኩ አይደለም። ከዓመታት በፊት በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ለእናቷ እንድሰጥላት በእኔ ስም ገንዘብ ላከች። እናትም ልጅም የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አይደሉም። ገንዘቡ እጄ በገባበት ሳምንት የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ። “ደመወዝ ሲገባ እተካዋለሁ” አልኩና ከፈልኩበት። ደመወዝ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት መድረክ ላይ ቆሜ አገልግያለሁ። በመጨረሻ ገንዘቡን ሞልቼ ስሄድ እናት ለካ ከጎረቤት ተበድረው ኖሯል የሰነበቱት። አልተቆጡኝም። ቡና እያፈሉ “ልጄ፣ እሷ እኮ ‘ጴንጤ ነው፣ አደራ አይበላም’ ብላ ነው በአንተ በኩል የላከችው” አሉኝ።

ያቺ ልጅ ያመነችው እኔን አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበሩ፣ በድብቅ እየጸለዩ በግልጽ ታምነው የኖሩ አማኞችን ነው ያመነችው። እነርሱ ያጠራቀሙትን እኔ በላሁት። በጸሎት ለእግዚአብሔር መናዘዝ ብዙ አልከበደኝም። ደውዬ ለልጅቷ እውነቱን መንገር ግን ከበደኝ። ደወልኩ፤ ነገርኳትም።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ እንዳትሳሳቱ። በሥራችን አንድንም። ኤፌሶን 2ን አንብቡ፤ የዳንነው በጸጋ፣ በእምነት ነው። ነገር ግን እዚያው ቀጥሎ በቁጥር 10 ላይ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን ተጽፏል። ሥሩ ጸጋ ነው፤ ጎረቤት የሚያየው ግን ፍሬውን ነው። ጴጥሮስም በአንጾኪያ በደረሰበት ተግሣጽ አልቀረም። በክርስቲያንነቱ መከራ የሚደርስበት ሰው እንዳያፍር የጻፈልን ይኸው ጴጥሮስ ነው። ለወደቀው መነሻ አለው።

እንግዲህ ይህን ወረቀት ከማጠፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። በእጄ ያለ የማን አደራ አለ? ከማን ገበታ ነው የተለየሁት? ታምሞ በሩን ያላንኳኳሁት ጎረቤት ማነው? መልሱን ካገኛችሁ ነገ አትበሉ፤ ዛሬ ደውሉ፣ ዛሬ ሂዱ።

ጌታ ሆይ፣ ስምህን ይዘን ስምህን ስላሰደብንበት ቀን ይቅር በለን። ከውጭ የሚያዩን ሰዎች የአንተ ወገን መሆናችንን ከኑሯችን እንዲያውቁ እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።