ከ170 ዓመታት በላይ ያስቆጠሩት የመንገድ ዳር የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ሳጥኖች

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የሚገኙት ቦስተንና ሳን ፍራንሲስኮ ከተሞች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዘረጉትን በቴሌግራፍ መርህ የሚሠራ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ መስመር እስከ ዛሬ ድረስ በአገልግሎት ላይ አቆይተውታል። ተንቀሳቃሽ ስልክ በእያንዳንዱ ሰው እጅ በገባበት በአሁኑ ወቅት፣ በየመንገዱ ዳር የቆሙት ቀይ የብረት ሳጥኖች እጀታቸው በተሳበ ቁጥር የአደጋውን ሥፍራ ለእሳት አደጋ መከላከያ ማዕከል ያስታውቃሉ።

ሳጥኖቹ ለምን እንዳልተነሱ ለመረዳት አጀማመራቸውን፣ አሠራራቸውን፣ የታየባቸውን ጉድለትና በቅርብ ዓመታት የሰጡትን ጥቅም በቅደም ተከተል መመልከት ያስፈልጋል። ጉዳዩ የአንድ አሮጌ መሣሪያ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሕዝብን ደኅንነት የሚመለከት አገልግሎት በአንድ መስመር ላይ ብቻ እንዲመሠረት ቢደረግ ምን ሊከተል እንደሚችልም የሚያሳይ ነው።

አጀማመር

ቴሌግራፍ ከመፈልሰፉ በፊት በቦስተንም ሆነ በሌሎች ከተሞች እሳት ሲነሳ የሚታወጀው በጩኸትና በቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። ደወሉ አደጋ መኖሩን ይናገር እንጂ የት እንደሆነ በትክክል አያመለክትም። በመሆኑም የእሳት አጥፊ ቡድኖች ጭሱን ወይም የሕዝቡን ሩጫ እየተከተሉ ሥፍራውን ለመፈለግ ይገደዱ ነበር።

ሳሙኤል ሞርስ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር እ.ኤ.አ. በ1844 ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ የቦስተን ነዋሪ የነበሩት ዶክተር ዊልያም ቻኒንግ ይኸው ዘዴ ለእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ሊውል እንደሚችል በከተማው ጋዜጣ ላይ ሐሳብ አቀረቡ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሞሰስ ፋርመር ደግሞ ሐሳቡን ወደ ተግባር በመለወጥ ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ አበረከቱ። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1851 ለሥራው 10 ሺህ ዶላር የመደበ ሲሆን፣ መስመሩ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1852 መጨረሻ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በዚህም ቦስተን በዓለም የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የዘረጋች ከተማ ሆነች።

ቻኒንግና ፋርመር የፈጠራ መብታቸውን እ.ኤ.አ. በ1857 አስመዘገቡ። መሣሪያውን በስፋት ያሠራጨው ግን ጆን ጋምዌል የተባለ የደቡብ ካሮላይና ነዋሪ ነው። የፖስታና የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረው ጋምዌል፣ ቻኒንግ እ.ኤ.አ. በ1855 በዋሽንግተን ስለ ፈጠራው የሰጡትን ማብራሪያ ካዳመጠ በኋላ መብቱን ገዛ። በስሙ የተቋቋመው ኩባንያም በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ሳጥኖቹን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ከተሞች አቀረበ። በዚህም ምክንያት ዛሬ በየአደባባዩ ከሚታዩት ሳጥኖች በብዙዎቹ ላይ የጋምዌል ስም ተቀርጾ ይገኛል።

አሠራር

የሥርዓቱ መሠረት በከተማው ውስጥ ዞሮ ወደ ማዕከሉ የሚመለስ የሽቦ መስመር ነው። በአንድ መስመር ላይ በርካታ ሳጥኖች በተከታታይ ይያያዛሉ። በመስመሩ ውስጥ ከማዕከሉ የሚላክ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ያህል፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ይዘዋወራል።

በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ እንደ ግድግዳ ሰዓት በሞላ የሚሠራ መሣሪያ አለ። አላፊ አግዳሚው እጀታውን ሲስብ ሞላው ይለቀቅና ጠርዙ የተቀረጸ ጥርሳም መዘውር መሽከርከር ይጀምራል። የመዘውሩ ጥርሶች የኤሌክትሪክ ፍሰቱን በየተራ እያቋረጡ መልሰው ያገናኙታል። የጥርሶቹ አቀማመጥ ከሳጥን ሳጥን ስለሚለያይ እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ቁጥር ብቻ ያስተላልፋል።

ለምሳሌ ቁጥሩ 1521 የሆነ ሳጥን በመጀመሪያ አንድ፣ ከጥቂት ፋታ በኋላ አምስት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻም አንድ ምት ይልካል። ስህተት እንዳይፈጠር ቁጥሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በማዕከሉ ደወል ይደወላል፤ ምቱም በወረቀት ጥቅል ላይ ይመዘገባል። ተረኛው ሠራተኛ ቁጥሩን አንብቦ አስቀድሞ ከተዘጋጀው ካርድ ጋር ያመሳክራል። ካርዱ ለዚያ ሥፍራ የትኞቹ ተሽከርካሪዎችና ቡድኖች መላክ እንዳለባቸው የሚደነግግ በመሆኑ፣ የውሳኔ ጊዜ በእጅጉ ያጥራል።

ፍሰቱ ዘወትር በመስመሩ ውስጥ መኖሩ ሌላ ጥቅም አለው። ሽቦው በአንድ ሥፍራ ቢበጠስ ፍሰቱ ወዲያውኑ ስለሚቋረጥ ማዕከሉ ብልሽቱን አደጋ ከመድረሱ አስቀድሞ ያውቃል። በኋላ ዘመን የተሠሩት ሳጥኖች ደግሞ ሽቦው ቢበጠስ እንኳ መሬትን እንደ መመለሻ መስመር በመጠቀም መልእክታቸውን ማድረስ እንዲችሉ ተደርገዋል። ሁለት ሳጥኖች በአንድ ጊዜ ቢሳቡ አንዱ የሌላውን መልእክት እንዳያበላሽና ተራውን ጠብቆ እንዲልክ የሚያደርግ ክፍልም ተጨምሮባቸዋል።

ሳጥኑ የሚሠራው በሞላ ጉልበት ሲሆን መስመሩ ኃይል የሚያገኘው በማዕከሉ ካሉት ባትሪዎች ነው። በአካባቢው መብራት ቢጠፋ፣ የስልክ መስመር ቢጨናነቅ ወይም የተንቀሳቃሽ ስልክ ማማ ሥራ ቢያቆም አገልግሎቱ አይስተጓጎልም።

ከከባድ አደጋዎች የተገኘ ትምህርት

ሥርዓቱ ዛሬ ካለበት ደረጃ የደረሰው ያለ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1871 ምሽት በቺካጎ ታላቁ ቃጠሎ ሲነሳ፣ በከተማው ፍርድ ቤት ማማ ላይ የነበረው ጠባቂ የእሳቱን ሥፍራ ከርቀት በዓይኑ ገምቶ ቁጥር 342 ሳጥን እንዲደወል አዘዘ። ሥፍራው ከትክክለኛው ቦታ አንድ ማይል ያህል የራቀ ነበር። ጠባቂው ስህተቱን ተረድቶ እርማት ቢጠይቅም፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛው ግራ መጋባት ይፈጠራል በሚል ሳይቀበለው ቀረ። ቃጠሎው 300 ያህል ሰዎችን ለሞት፣ 100 ሺህ ያህሉን ደግሞ ያለ መጠለያ ለመቅረት ዳርጓል። ለጥፋቱ ድርቅ፣ ነፋስና የእንጨት ቤቶች መብዛት ዋነኞቹ ምክንያቶች ቢሆኑም፣ የእሳት አጥፊዎቹ ወደተሳሳተ አቅጣጫ መላክ ውድ ጊዜ አባክኗል።

በዓመቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1872 የሥርዓቱ መነሻ የሆነችው ቦስተን ተመሳሳይ ጥፋት ደረሰባት። በወቅቱ ሐሰተኛ ጥሪን ለመከላከል ሲባል ሳጥኖቹ ይቆለፉ የነበረ ሲሆን፣ ቁልፉ የሚገኘው በፖሊሶችና በተመረጡ ነዋሪዎች እጅ ነበር። በዚህም የተነሳ ቁጥር 52 ሳጥን እስኪከፈትና ጥሪው እስኪተላለፍ ድረስ እሳቱ ሥር ሰድዶ ነበር። የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎችን የሚጎትቱት ፈረሶች በወረርሽኝ መታመማቸውም ችግሩን አባብሶታል። በቃጠሎው 776 ሕንፃዎች ወድመዋል። ከዚያ ወዲህ ሳጥኖች ያለ ቁልፍ እንዲከፈቱና ማንኛውም ሰው እንዲጠቀምባቸው የሚያስችል አሠራር እየተስፋፋ መጣ።

ሦስተኛው ትምህርት የተገኘው ከሳን ፍራንሲስኮ ነው። ከተማዋ ሥርዓቱን የዘረጋችው እ.ኤ.አ. በ1865 ነበር። እ.ኤ.አ. አፕሪል 18 ቀን 1906 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በማዕከሉ ውስጥ ለመስመሩ ኃይል የሚሰጡት የባትሪ ጠርሙሶች አብዛኞቹ ተሰባበሩ። በከተማው ውስጥ በርካታ ቃጠሎዎች በአንድ ጊዜ ሲነሱ የማስጠንቀቂያ መስመሩ ፀጥ አለ። መስመሩ የቱንም ያህል አስተማማኝ ቢሆን የማዕከሉ ሕንፃ ካልጠነከረ ከንቱ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

የስልክ መስፋፋትና የሳጥኖቹ መመናመን

የቤት ስልክ እየተስፋፋ ሲመጣ የሳጥኖቹ ተፈላጊነት ቀነሰ። በተለይም እ.ኤ.አ. በ1968 በአላባማ ግዛት የመጀመሪያው የ911 የአስቸኳይ ጊዜ የስልክ ጥሪ ከተደረገ በኋላ በርካታ ከተሞች ሳጥኖቻቸውን ማንሳት ጀመሩ።

ለዚህ ውሳኔ የሚቀርቡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሐሰተኛ ጥሪ ነው። ሳጥኑ የት እንደተሳበ ይናገራል እንጂ ማን እንደሳበውና ምን እንደተከሰተ አይገልጽም። በከንቱ የተላከ ቡድን ደግሞ እውነተኛ አደጋ ወደደረሰበት ሥፍራ በወቅቱ ሊደርስ አይችልም። ሁለተኛው የጥገና ወጪ ነው። ሽቦዎቹን መጠበቅ፣ ሳጥኖቹን በየጊዜው መፈተሽና የመለዋወጫ ዕቃ ማግኘት የሠለጠነ የሰው ኃይልና በጀት ይጠይቃል።

መስመሩን ያላቋረጡት ከተሞች በበኩላቸው የተለያየ ጥቅም ያገኙበታል። በቦስተን ከ1 ሺህ በላይ የመንገድ ዳር ሳጥኖች ይገኛሉ። ከዚህም በተጨማሪ የትላልቅ ሕንፃዎች የውስጥ ማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች ከዚሁ መስመር ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ በሕንፃው ውስጥ ጭስ ሲታይ ሳጥኑ ሰው ሳይነካው ቁጥሩን ለማዕከሉ ይልካል። በሳን ፍራንሲስኮም ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሳጥኖች ይገኛሉ። ከተማዋ የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት ያለባት መሆኗ ከስልክ መረብ ነፃ የሆነ መስመር እንዲኖራት የሚያስገድድ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል።

የኒው ዮርኩ የፍርድ ቤት ክርክር

ሳጥኖቹ ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ጥያቄ በኒው ዮርክ ከተማ እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሷል። የከተማው አስተዳደር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሳጥኖቹን ለማንሳት ሲነሳ፣ መስማት የተሳናቸው ዜጎች ማኅበር ክስ መሠረተ። የማኅበሩ መከራከሪያ መስማትና መናገር የማይችል ሰው መንገድ ላይ አደጋ ቢያጋጥመው በስልክ ተናግሮ እርዳታ መጠየቅ ስለማይችል፣ የሳጥኖቹ መነሳት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ይጥሳል የሚል ነበር።

ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ክርክሩን ተቀብሎ ሳጥኖቹ እንዳይነሱ አገደ። አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2010 እገዳው እንዲነሳለት በድጋሚ ጠየቀ። በወቅቱ በከተማው 15 ሺህ ያህል ሳጥኖች የነበሩ ሲሆን፣ አስተዳደሩ በሳጥኖቹ ከሚደርሱት ጥሪዎች አብዛኞቹ ሐሰተኛ መሆናቸውን በመግለጽ ተከራክሯል። በአማራጭነትም መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሕዝብ ስልክ አንስተው በማንኳኳት ጥሪያቸውን እንዲያሰሙ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዳኛው ግን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 በሰጡት ውሳኔ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት።

የኒው ዮርክ ሳጥኖች ሁሉም በቴሌግራፍ መርህ የሚሠሩ አይደሉም፤ ከፊሎቹ በ1970ዎቹ የገቡና የእሳት አደጋና የፖሊስ ቁልፍ ያላቸው የድምፅ መገናኛዎች ናቸው። የክርክሩ ፍሬ ነገር ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሳጥኑ ጠሪው ቃል ሳይናገር ያለበትን ሥፍራ ያስታውቅለታል።

ስልክ በተቋረጠባት ቀን

የሳጥኖቹ ጠቀሜታ በቅርቡ የታየው በቦስተን ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 2024 ከሰዓት በኋላ በመላው ማሳቹሴትስ ግዛት የ911 ጥሪ አገልግሎት ለሁለት ሰዓታት ያህል ተቋረጠ። ምክንያቱ ሥርዓቱን ከኮምፒዩተር ጥቃት እንዲጠብቅ የተተከለው ፋየርዎል ጥሪዎች እንዳያልፉ ማገዱ መሆኑ በኋላ ተገልጿል። አገልግሎቱን ሊጠብቅ የቆመው መሣሪያ ራሱ አገልግሎቱን ዘጋው ማለት ነው።

በዚያን ዕለት የቦስተን ከተማ ባለሥልጣናት ለነዋሪዎች ካስተላለፏቸው መመሪያዎች አንዱ፣ አስቸኳይ እርዳታ የሚፈልግ ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኘው ቀይ ሳጥን ሄዶ እጀታውን እንዲስብ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1852 የተጀመረው መስመር ከ172 ዓመታት በኋላ ለዘመናዊው ሥርዓት መጠባበቂያ ሆኖ ተገኘ።

አሮጌን መሣሪያ ለማስወገድ ወይም ለማቆየት የሚወስን አካል ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ከዚህ ታሪክ ይነሳሉ። አዲሱ ሥርዓት ሲቋረጥ በምን ይተካል? ሁለቱ መስመሮች በአንድ ዓይነት ብልሽት አብረው ይወድቃሉ ወይስ አንዱ ከሌላው ነፃ ነው? አገልግሎቱ ሲለወጥ ከጥቅሙ ውጭ የሚሆን የኅብረተሰብ ክፍል ይኖራል? የመጠባበቂያ መስመርስ በየጊዜው ይፈተሻል ወይስ በስም ብቻ ይኖራል?

ቦስተንና ሳን ፍራንሲስኮ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ የጥገናውን ወጪ እየከፈሉ ሳጥኖቹን ማቆየት ነው። ሌሎች ከተሞች ደግሞ ገንዘቡን ለሌላ ተግባር ማዋልን መርጠዋል። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። ሆኖም መጠባበቂያ መስመር የሚመዘነው በዘወትር ቀናት ባስተላለፈው ጥሪ ብዛት ሳይሆን ሌላው መስመር በተቋረጠባት ሰዓት በሚሰጠው አገልግሎት መሆኑን የቦስተኑ ክስተት ያረጋግጣል።