አየንጋር እና ሜኑሂን

የሕንዱ የዮጋ መምህር ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር (1918–2014 እ.ኤ.አ.) እና ቫዮሊኒስቱ የሁዲ ሜኑሂን የተዋወቁት በ1952 ቦምቤይ ውስጥ ነው። ደክሞት የነበረው ሙዚቀኛ ለመምህሩ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢፈቅድም፣ ቆይታቸው ከሦስት ሰዓት በላይ ዘለቀ። በ1954 ሜኑሂን አየንጋርን ስዊዘርላንድ ድረስ ጋበዘው፤ ምርጥ የቫዮሊን መምህሩ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከጀርባው የተቀረጸበት የእጅ ሰዓትም አበረከተለት። በዓለም መድረክ የታወቀ ሰው ራሱን ተማሪ ብሎ ማቅረቡ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። አየንጋር ግን ለስላሳ መምህር አልነበረም፤ እሱን ያስተማረው የእህቱ ባል ክሪሽናማቻርያም ቁጡ ነበር፤ አየንጋርም ተማሪዎቹን በጥፊ እስከ መምታት ይደርስ ነበር ይባላል። ሆኖም ወዳጅነቱ ጸና፤ በ1966 ለታተመው የአየንጋር መጽሐፍ «ላይት ኦን ዮጋ» መቅድሙን የጻፈው ሜኑሂን ነው።