ያልተቋጨ ሸማ

ወጣቶች ሆይ፤ በቋንቋችን «ነገሩን ቋጨው» ሲባል ትሰማላችሁ። ፈጸመው፣ ከዳር አደረሰው ማለት ነው። ይህ ቃል ግን ከሸማ ሥራ የመጣ ቃል ነው። ሸማው ተሠርቶ ከሸማኔው ዕቃ ላይ ተቆርጦ ሲወርድ በሁለቱም ጫፍ የድሩ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያን ክር በጥቂት በጥቂቱ ከፍሎ፣ አክርሮና አጣምሮ ማሰር መቋጨት ይባላል። ያልተቋጨ ሸማ ለጊዜው ያማረ ቢመስልም በታጠበ ቁጥር ማጉ ከጫፉ እየሾለከ ይሄዳል።

ጥጥ በምድራችን አካባቢ የቆየ ሀብት ነው። የአክሱም ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው ምዕተ ዓመት በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በድንጋይ ባስጻፈው ጽሑፍ፣ ከጠፋው ሀብት መካከል እህልና ጥጥ ተጠቅሰዋል። በአገራችን ልማድ ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ልጆችም ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናሉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላም ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሰፍረው ከተማይቱን አልብሰዋል።

የሚያሳዝነው ግን ለባሹ ሸማውን እያከበረ ሸማኔውን መናቁ ነው። አንጥረኛው በብረቱ፣ ሸማኔው በድሩ፣ ፋቂው በቆዳው፣ ጸሐፊው እንኳ ሳይቀር በብዕሩ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የመጣ መሆኑን አሳስበው፣ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠርና አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ሐዋርያው ጳውሎስም ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ የሚያነብ ክርስቲያን፣ የእጅ ሥራን ይንቅ ዘንድ ምክንያት የለውም።

ይህን ሁሉ ዐውቅ ነበር። ማወቄ ምን ያህል እንደ ጠቀመኝ ግን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ለልጆች የእጅ ሥራ ትምህርት ተዘጋጅቶ ነበር። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አንድ ሸማኔ ጫፋቸው ያልተቋጨ ትንንሽ የአንገት ልብሶች አመጡልን፤ ልጆቹ ቋጭተው ለየእናቶቻቸው እንዲሰጡ ነው። እኔም የታሪክ መምህር ነበርሁና፣ ልጆቹ ክር ከመንካታቸው በፊት የአዋጁን ታሪክ ነገርኋቸው። ስለ እጅ ሠራተኛ ክብር ብዙ ተናገርሁ። ንግግሬን ስጨርስ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አነሣችና፣

«ጋሼ፣ ታዲያ አባባ ለምን በር ላይ ቆሙ?» አለችኝ።

ዞር ብዬ ባይ ሽማግሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከደጃፉ ቆመዋል። ሸማውን ተቀብለን ዋጋውንም ከፍለን ሰውየውን ረስተናቸው ነበር። እኔ ስለ አዋጁ ሳስተምር፣ አዋጁ የወጣላቸውን ሰው ወንበር ነሥቻቸው ነበር።

አፍሬ፣ «አባቴ፣ ይግቡ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ያቀረብሁላቸውን ወንበር ትተው፣ ሥራው ጭን ላይ የሚሠራ ነውና፣ ከልጆቹ ጋር ከምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ዘለላ ክር ወስደው ሁለቱንም ለየብቻ ወደ ቀኝ አከረሩ፤ ከዚያም አንድ ላይ አጋጥመው ወደ ግራ አዞሩና ጫፉን ቋጠሩ። እያንዳንዱ ዘለላ ለመፍታት ሲል በሌላው ላይ ይጠመጠማል፤ ስለዚህም አንዱ ሌላውን ይዞ ያጸናዋል።

አንድ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ጨርሶ ቢያሳያቸው በጣታቸው ሳብ አደረጉት፤ ተፈታ። «ልጄ፣ እንደ ገና ሞክር» አሉት እንጂ አልተቈጡም። ሦስት ጊዜ ተፈታበት፤ በአራተኛው ጸና። ወደ ማታ ልጆቹ ሲሰናበቷቸው በስማቸው እየጠሩ ነበር። እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስማቸውን አልጠየቅሁም ነበር።

ልጆቼ ሆይ፤ መልካም ሕግ ተሸምኖ እንደ ወረደ ሸማ ነው። ንጉሥ ሊያውጀው፣ መምህርም ሊያስተምረው ይችላል፤ ጫፉን የሚቋጨው ግን በየዕለቱ ለሰው ወንበር የሚያቀርብ እጅ ነው። ያ እጅ ከሌለ ሕጉ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ በኑሮ ይተረተራል። እንግዲህ ሸማ ስትለብሱ ጫፉን ዳስሱት። የሠራውን ሰው ያገኛችሁት እንደ ሆነም አስቀድማችሁ ስሙን ጠይቁ፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ትጠይቃላችሁ።