ብራውዘርን በትእዛዝ ስለሚነዱ መሣሪያዎች አነሣሥ

ለጥናት ከድረ ገጾች መረጃ የምንለቅም ተማሪዎች ዘወትር የምንገለገልባቸው፥ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ መሣሪያዎች፥ በመጀመሪያ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ አልነበሩም። የተፈጠሩት ባለቤቱ የገዛ ገጹን እንዲፈትሽባቸው ነው። ስለ መልቀም ፈቃድ የሚነሣው ክርክር ብዙው ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ይመስለናል።

በ2004 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄሰን ሃጊንስ በቺካጎ፥ ቶትወርክስ በተባለው ድርጅት ሲሠራ፥ የሠራተኞችን ሰዓትና ወጪ የሚመዘግበውን ገጽ እየደጋገሙ በእጅ መሞከር አድካሚ ስለ ነበረ፥ ብራውዘሩ በትእዛዝ እንዲጫንና እንዲጽፍ የሚያደርግ ፕሮግራም ሠራ፤ ስሙም ሴሌኒየም ተባለ። በስያሜው ቀልድ አለበት። ሜርኩሪ የተባለ ኩባንያ ተመሳሳይ መሣሪያ በገንዘብ ይሸጥ ነበርና፥ ሜርኩሪ ማለት ባዜቃ ሲሆን፥ የባዜቃን መርዝ ሴሌኒየም ያረክሰዋል ስለሚባል ነው። በ2009 ይህ ሥራ ሳይመን ስቱዋርት ከጀመረው ከዌብድራይቨር ጋር እንዲዋሐድ ተወሰነ።

ታዲያ መፈተሻው ስለ ምን መልቀሚያ ሆነ? ምክንያቱ የገጾቹ መለወጥ ነው። ቀድሞ ገጹ በሰርቨሩ ተጽፎ አልቆ ይመጣ ስለ ነበር፥ ቃሉን ለመውሰድ አጭር ፕሮግራም ይበቃ ነበር። ከ2005 ወዲህ ግን በጃቫስክሪፕት እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ የሚገነቡ ገጾች እየበዙ ሄዱ። እንዲህ ያለውን ገጽ ያለ ብራውዘር የጠየቀ ለቃሚ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ባዶ ቤት ነው፤ ዕቃው ገና አልገባም። ስለዚህ ብራውዘሩን ራሱን መንዳት ግድ ሆነበት።

በ2011 አሪያ ሂዳያት ያወጣው ፋንተምጄኤስ መስኮት ሳይከፍት ገጹን ይሠራ ስለ ነበር ለለቃሚዎች ተስማማ። ዳሩ ግን በ2017 ጉግል ክሮምን ያለ መስኮት እንዲሠራ ባደረገው ጊዜ ፋንተምጄኤስን ይጠብቅ የነበረው ሰው ሥራውን ተወ፤ በ2018 ልማቱ ቆመ። ጉግል በ2017 ፓፔቲርን አወጣ፤ ከሠሪዎቹም አንዳንዶቹ ወደ ማይክሮሶፍት ተሻግረው በ2020 ፕሌይራይትን አቀረቡ። ኮዱ እንደ ተከፈተ ቢቀርም፥ መሪነቱ ከጥቂት በጎ ፈቃደኞች እጅ ወደ ታላላቅ ኩባንያዎች አልፏል ማለት ነው።

ዌብድራይቨር በ2018 የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ደንብ ሲሆን፥ በመሣሪያ የሚነዳ ብራውዘር ይህንኑ ለገጹ የሚያስታውቅበት ምልክት በደንቡ ገባ። የራሱን ገጽ የሚፈትሽ ሰው የሚደብቀው የለውም፤ ከለቃሚዎች ግን ብዙዎች አስቀድመው የሚያጠፉት ይህንኑ ምልክት ነው። ምልክቱን የሚያጠፉት ፕሮግራሞችም ኮዳቸው እንደዚሁ ለማንም ክፍት ሆኖ ይሰራጫል።