አልፋ ፊቶፕሮቲን እና የጉበት ካንሰር

አልፋ ፊቶፕሮቲን በጽንስ ጉበት በብዛት የሚመረት፣ ከልደት በኋላ ግን ዘረመሉ ስለሚዘጋ በጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ10 ናኖ ግራም በታች ሆኖ የሚቀር ፕሮቲን ነው። የጉበት ህዋሳት ወደ ካንሰር ሲለወጡ የተዘጋው ዘረመል ዳግም ተከፍቶ ፕሮቲኑን ማስመረት ስለሚጀምር፣ ከራሳቸው ከጉበት ህዋሳት ለሚነሳው ካንሰር፣ ለሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ፣ አመልካች ሆኖ ያገለግላል። ይህን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1963 የሶቪየቱ ተመራማሪ ጋሪ አቤሌቭ በአይጦች ላይ፣ በ1964 ደግሞ ዩሪ ታታሪኖቭ በሰው ደም ላይ አሳይተዋል።

ልኬቱ ከ400 ናኖ ግራም ሲያልፍ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ዝቅተኛው መለያ 20 ሲሆን ግን ምርመራው ከአሥር ታማሚዎች የአራቱን ያህል ካንሰር ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። በአንጻሩ የጉበት ካንሰር በሌለበትም በእርግዝና፣ በአንዳንድ የዘር ፍሬ ዕጢዎችና ሥር በሰደደ የጉበት ብግነት ጊዜ ይጨምራል።

ይህ የመጨረሻው ምክንያት ለኢትዮጵያ ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል፤ የአገሪቱ ዋነኛ የጉበት ካንሰር መንስኤ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ራሱ ጉበቱን እያቆጣ ልኬቱን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው፣ አንድ ከፍ ያለ ቁጥር የቫይረሱ ይሁን የዕጢው በራሱ አይለይም። የቫይረሱን ስርጭት ለማየት አንድ ማኅበረሰብን እንውሰድ፦ ከጎንደር በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ሸክላ ሠሪዎች መንደር እንደነበረች ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1991 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡት የዚሁ ማኅበረሰብ አባላት ላይ የተደረገው የደም ምርመራም ቫይረሱ ከተቀባይ አገሩ ሕዝብ ይልቅ በእነርሱ ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ አሳይቷል። ይህ የአንድ ማኅበረሰብ የተለየ ባሕርይ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ቫይረሱ በመላ አገሪቱ የተስፋፋ ሲሆን ክትባቱም ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ በአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለሕሙማን የተደራጀ የሕክምና መርሐ ግብር የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ደም የማይለየውን አንዳንድ ጊዜ የጉበት ቁራጭ ይለየዋል። በመርፌ የተወሰደ ናሙና በፎርማሊን ተጠብቆ በስሱ ከተከተፈ በኋላ፣ የሚፈለገውን ፕሮቲን ብቻ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲቀባ፣ ፕሮቲኑ ያለበት ህዋስ ቡናማ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለዚህ የሚመረጠው ግላይፒካን 3 የሚባለው፣ በጤነኛ ጎልማሳ ጉበት የማይገኝ ፕሮቲን ነው፤ ከሂት ሾክ ፕሮቲን 70 እና ከግሉታሚን ሲንቴቴዝ ጋር ሲመረመር ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ከታዩ ገና በመጀመር ላይ ያለን ካንሰር ካንሰር ካልሆነ እብጠት ለመለየት ይረዳል።

በመሆኑም አልፋ ፊቶፕሮቲን በዋናነት የሚጠቅመው ለአደጋ የተጋለጠን ሰው በየስድስት ወሩ ከአልትራሳውንድ ጋር ለመከታተል ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከወጣ ልኬቱ በየአምስት ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ መውረዱ ቀድሞ ከቆመ የቀረ ዕጢ እንዳለ ያስጠረጥራል። የመለኪያ መሣሪያዎች ውጤት ስለሚለያይ፣ ከወለቃ ወደ ጎንደር ወርዶ ደም የሚሰጥ ሰው በተመሳሳይ ቤተ ሙከራ ቢለካና የቀድሞ ውጤቶቹን ይዞ ቢመጣ ንጽጽሩ የበለጠ ይታመናል።