ወደ ጓሳ ስንወጣ

እስቲ ጠጋ በሉና ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ በማለዳ ትነሡና፣ ደብረ ብርሃንን ታልፉና፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ይቀበላችሁና፣ የደሴን መንገድ ለደሴ ተጓዦች ትታችሁ ወደ መሐል ሜዳ ትታጠፋላችሁ፤ ከዚያ ብርዱ እየበረታ፣ ዛፉ እየሳሳ ይሄድና ከፍታው 3,200 ሜትር ሲያልፍ የጓሳ ሣር በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ታያላችሁ።

ይህ ሣር እንዲያው የተረፈ አይምሰላችሁ። አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች ዘመን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ማጭድ አይገባ፣ ከብት አይገባ። ከዚያ ሣሩ ሲደርስ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገርና አገሩ ሁሉ ወጥቶ ለቤት ክዳኑና ለገመዱ ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን የመንዝ ሰው ተመካክሮ የራሱን ደንብ አወጣ፤ ጥበቃውም ዛሬ በእሱ እጅ ነው። እንግዲህ እንግዳ የሚገባው ባለቤት ካለው ግቢ ነው።

እኛም የአገሩን ሰው አስቀድመን ወጣን፤ ጥቂት እንደሄድንም ጭላዳዎቹን አገኘናቸው። ትልቁ ወንድ፣ ደረቱ ቀልቶ፣ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነው፣ ተቀምጦ ሣር በጣቶቹ ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልና ሳይነሣ በቂጡ እየተንሸራተተ ይቀጥላል። አብሮን ያለው ልጅ ከኪሱ ብስኩት ሲያወጣ መሪያችን እጁን በእጁ ሸፈነለት።

«ተው ማሙሽ፣ ለእሱ ሣሩ ይበቃዋል። ብስኩት ካለመድነው ነገ ከሰው እጅ ሲነጥቅ በድንጋይ ይመታል።»

ልጁም ብስኩቱን መለሰ። (ውሻ አስከትለው የሚመጡ ሰዎችስ? እዚሁ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የለም፣ ቁጥሩም 500 አይሞላም ይባላል፤ ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ደጋግሞ ፈጅቶታል። እኔስ እንዲህ ያለውን እንግዳ ከደብረ ብርሃን በመለስኩት!)

ከዚያ ቀበሮው መጣ። አንዱ ስልኩን ይዞ ሊነሣ ሲል መሪያችን በመዳፉ ቁጭ በል አለው፤ ተቀመጥን። ቀበሮው ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይሮጥ፣ የጭላዳዎቹን ግልገሎች ቀና ብሎ ሳያይ፣ በመንጋው መሐል አለፈ፤ እነሱም ግጦሻቸውን አላቋረጡም። የሚፈልገው አይጥ ነው። እዚያው ጓሳ የከረሙ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ከጭላዳ መሐል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናዋል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ። ለዚህ ነው ጨዋ ሆኖ የሚገባው። አንድ ጊዜ ግን አንዱ ቀበሮ ዐመሉ ተነሥቶበት የጭላዳ ልጅ አፈፍ ቢያደርግ፣ መንጋው ተንጫጭቶ ወረደበትና ልጁን አስጥሎ አባረረው፤ ኋላም ልመለስ ቢል አላስገቡትም።